የድሮ ዘፈን፣ የድሮ ፊልም፣ የሻገተ ካሴት፦ ጅማ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሁለት ቴፕ፣ አንድ የቪዲዮ ዴክ፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ። ሰው የድሮ ካሴቱን ያመጣል፣ እኔ ወደ ፍላሽ እቀዳለሁ። ሥራው ግማሹ መቀመጥ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። በዚያ መሀል ወሬ ይመጣል። ቡና ከተፈላ ደግሞ ወሬው ይረዝማል። ከወሬው መሀል በየሳምንቱ የሚመላለሱትን ጥያቄዎች ነው እዚህ የሰበሰብኳቸው።

«ድሮ» ስንል ከመቼ እስከ መቼ ነው?

እንደ ጠያቂው ነው። ለአንዳንድ አባቶች ድሮ ማለት የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። ወደ 60 የተጠጋች እናት ድሮ ስትል የሮሃ ባንድን ዘመን ነው የምታስበው። በቀደም ደግሞ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ ተማሪ መጥቶ «ኦልዲስ ጫንልኝ» አለኝ። ዝርዝሩን ሳየው እኔ ከጎለመስኩ በኋላ የወጡ ዘፈኖች ናቸው። ምንም አላልኩትም፣ ጫንኩለት።

የሰውን ትውስታ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አንድ ነገር ይላሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ሕይወቱን አውጋን ሲባል ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ ከሌላው አብልጦ ያነሳል። ዘፈንም እንደዚያው ነው። ሰርግ ላይ ሳይጠሩት የሚጨፍርበት ዕድሜ ላይ የሰማው አብሮት ይቀራል። እኔ ለሥራዬ የምጠቀምበት መለኪያ ግን ቀላል ነው፤ ክር ካለው ድሮ ነው።

ባለቤቴ ማታ ማታ የድሮ ዘፈን ከፍቶ ብቻውን ይቀመጣል። በሽታ ይሆን?

እንደ በሽታ የታየበት ጊዜ ነበር። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሃንስ ሆፈር የሚባል ስዊዛዊ ከአገራቸው ርቀው የሚከሱ ሰዎችን ሕመም ሲያጠና ከሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ስም አወጣለት። አንዱ ወደ ቤት መመለስ፣ ሌላው ሕመም ማለት ነው። ፈረንጆች ዛሬ ለዚህ ናፍቆት የሚጠቀሙበት ቃል ያ ነው፤ ኖስታልጂያ።

እኛ ዘንድ ሐኪም አላስፈለገም። ትዝታ አልነው፤ አልፎ ተርፎም ቅኝት አደረግነው። ከባቲ፣ ከአንቺ ሆዬና ከአምባሰል ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ስሜቱና ዜማው በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ብዙ ያለ አይመስለኝም። ባልሽ ደህና ነው እህቴ። ቡና አፍዪለትና አጠገቡ ተቀመጪ።

እውነት የድሮ ዘፈን ከአሁኑ ይሻላል? ወይስ እያረጀን ነው?

ሁለቱም። መጀመሪያ መጥፎውን ልንገራችሁ፤ ድሮም መጥፎ ዘፈን ሞልቶ ነበር። እኔ ጋ በካርቶን አለ። ማንም አይጠይቀኝም፣ ማንም አያስታውሰውም። እስከ ዛሬ የሚዘፈነው በወንፊት የቀረው ነው። የ50 ዓመት ምርጥን ከዘንድሮ እንክርዳድ ጋር እያነጻጸርን የዘንድሮውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው ግን የጆሮ ስህተት አይደለም። በያኔው አቀዳድ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ሳክስፎኑና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው አብረው ይጫወታሉ። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ይተያያሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። በኋላ በ1980ዎቹ ኪቦርዱ የትራምፔቱንም የከበሮውንም ቦታ ሲይዝ ወጪው ቀነሰ፣ ትንፋሹም አብሮ ሄደ። እኔ በኪቦርድ ዘመን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እሱም ይናፍቀኛል። ግን ልዩነቱን አልክድም።

ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ዘፈን እኔ የማውቀው አይደለም። ዘፋኙ ያው፣ ግጥሙ ያው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ጆሮዎ ትክክል ነው። የኛ ትልልቅ ዘፋኞች አንድን ዘፈን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀድተውታል። መጀመሪያ ከጦር ሠራዊት ወይም ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ለሬዲዮ፣ ቀጥሎ በሸክላ፣ ከዚያ በደርግ ጊዜ ከባንድ ጋር በካሴት። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም እንዲህ አድርገዋል። ዩቲዩብ የሚያመጣልዎ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ነው። ልብዎ ውስጥ ያለው ግን የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ስለ ጥላሁን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ወሊሶ ነው። ወሊሶ ደግሞ የኛው መንገድ ላይ ናት። አባቴ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ወሊሶ ላይ ምሳ ሲበላ «የጥላሁን አገር» እያለ ነበር የሚበላው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አባቴ ሬዲዮኑን ዘግቶ ደጅ ወጣ። ዝናብ ነበር። ጃንጥላ አልያዘም።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ የትኛውን ቅጂ እንደሚፈልጉ ለማወቅ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ዘፈኑ በምን ነበር የሚጀምረው? በሳክስ ከሆነ የቆየው ሳይሆን አይቀርም። በኪቦርድ ከሆነ ካሴቱ ነው።

ሸክላ የሚባለው መቼ ነበር? ከካሴት ጋር አብረው ነበሩ?

ትንሽ ተደራርበዋል። ሸክላ ማሳተም መጀመሪያ ማንም ተነስቶ የሚሠራው ሥራ አልነበረም፤ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ነበር የሰጠው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ውጭ አገር አስቀርጾ ያመጣ ነበር። አብዮቱ እስኪመጣ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ያሳተማቸው ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን የሚይዙት ማለት ነው። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» የሚለው በአብዛኛው ከዚያ የተወሰደ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይም መነሻው እሱ ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ሸክላን ከገበያ ያስወጣው ግን በ1970ዎቹ ነው። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከሁሉ በላይ ቤት ውስጥ ይቀዳል። ሙዚቃ ቤት ሄዶ ባዶ ካሴት ሰጥቶ፣ የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፎ «ምርጥ ምርጡን ቅዳልኝ» ማለት ነበር። የዛሬው ሚሞሪ ማስጫን ያኔ የተጀመረ ልማድ ነው።

ካሴቶቼ ሻግተዋል። ልጣላቸው?

በምንም ዓይነት!

ጅማ ላይ ከመቶ ጥያቄ ሃምሳው ይሄ ነው። ከተማችን ዝናብ ይወዳታል። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል። ካሴት ምን ያድነዋል? በመስኮቷ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የተጠቀለለው ክር ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው።

ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ዋናው ነገር እሱ ነው። የሻገተ ካሴት ሲዞር ንብርብሩ ተጣብቆ ክሩ ሊበጠስ ይችላል። ዱቄቱ ደግሞ ሄዱ ላይ፣ ማለትም ክሩን በሚያነበው የቴፑ ክፍል ላይ፣ ይቀርና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ይበክላል። እኔ በዚህ ስህተት አንድ ደህና ቴፕ ለሳምንታት አቆሽሼአለሁ።

የማደርገው እንዲህ ነው። ካሴቱን ከሌሎቹ ለይቼ ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣለሁ። ፀሐይ ላይ አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አጠራቅማለሁ፤ እሷንና ካሴቱን አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጥቂት ቀን አከርማለሁ። ሲደርቅ አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኜ ደጅ እወጣለሁ። ሻጋታው ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ካሴቱ በብሎን የተያያዘ ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ አምስቱንም ፈትቼ እከፍተዋለሁ። ጫፉን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጥቅሎቹን ወደ ሌላ ንጹሕ የካሴት ቅርፊት አዛውራለሁ። ከዚያ በእስክሪብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብዬ አጠነጥነዋለሁ። ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ ነው የማጫውተው፤ ያውም ለዚሁ በመደብኩት አሮጌ ቴፕ።

ቅርፊቱ በብሎን ሳይሆን ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ቤታችሁ አትሞክሩት።

ሌላ የቤት ጠላት ልጨምር። ብዙ ቤት ካሴት የሚቀመጠው ቡፌው ላይ፣ ከዕጣን ማጨሻው በላይ ነው። በየቀኑ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ካሴት ሽታው ደስ ይላል። ለሄዱ ግን ጥቀርሻ ነው።

ቴፑ ካሴቴን በላው። ምን ላድርግ?

አትጎትቱ። ቴፑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ክሩ የተጠመጠመባትን ትንሽ ጎማ በእጅ ወደ ኋላ እያዞራችሁ አላቁት። የተጨማደደው ቦታ ሲያልፍ ድምፁ ይዋልላል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሴቱ ሳይሆን የቴፑ ነው፤ ጎማዋ ቆሽሻለች ወይም ችንጋው ላልቷል። ከፋርማሲ አልኮል ገዝታችሁ በጥጥ ጎማዋንና ሄዱን ጥረጉ። ጥጡ ጠቁሮ ሲወጣ ትደነግጣላችሁ።

ከሬዲዮ የቀዳሁት ዘፈን አሁን ሳጫውተው ዘፋኙ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ ይዞ ይሮጣል። ለምን?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ድንጋይ ነው።

ያኔ መብራት የለም ወይም ይጠፋል። ቴፑ በድንጋይ ባትሪ ነው የሚሠራው። ድንጋይ ውድ ስለነበር ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ካልሆነም እርስ በርሱ ይጋጫል። በደከመ ድንጋይ ስትቀዱ ቴፑ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ ሲገባው 4 ብቻ ይሄዳል እንበል። ያን ካሴት ዛሬ መብራት ላይ በተሰካ ደህና ቴፕ ስታጫውቱት በትክክለኛው ፍጥነት ይሄዳል። በቀስታ የተቀዳው በፍጥነት ይነበባል፣ ዘፋኙ ልጅ ይሆናል።

መድኃኒት አለው። ኮምፒውተር ላይ ከቀዳነው በኋላ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። እኔ በጆሮ ነው የማስተካክለው፤ የዘፈኑን ሌላ ቅጂ አጠገቡ ከፍቼ እስኪገጣጠሙ ድረስ። የሚያስቸግረው ድንጋዩ እየደከመ የሄደ ከሆነ ነው። መጀመሪያ ደህና፣ መሀል ላይ ትንሽ ፈጠን፣ መጨረሻ ላይ ሩጫ። ያን ጊዜ አንዱን ዘፈን አምስት ቦታ ቆራርጬ እያንዳንዱን ለየብቻ አስተካክላለሁ።

ቤቴ ቴፕ አለኝ። ራሴ ወደ ስልክ ወይም ወደ ፍላሽ መቅዳት እችላለሁ?

ይቻላል። ስልክን ስፒከር አጠገብ አስቀምጦ መቅዳት ግን ተዉት፤ የጎረቤት ዶሮ አብሮ ይገባል። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ገመድ ያስፈልጋል። ብዙ ላፕቶፕ በቀጥታ በደንብ አይቀዳም። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ብትገዙ ችግሩ ያልቃል። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይባላል፣ በነፃ ነው።

ከመቅዳታችሁ በፊት ከፍተኛው ቦታ ላይ አጫውቱና መለኪያው ቀይ እንዳይነካ ድምፁን ቀንሱ። ቀይ የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ በኋላ አይጠገንም። መጀመሪያ ዌቭ (WAV) በሚባለው ያልታመቀ ፋይል አስቀምጡ። አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ስለዚህ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ነው። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ ስሪ ከሱ ታወጣላችሁ። ዋናውን አታጥፉ።

ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ታፍኖ ከወጣ ደግሞ ካሴቱ አልተበላሸም ይሆናል። የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ትንሽ ያዘነበለ ነበር ማለት ነው። ከሄዱ ጎን አንዲት ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በካቻቢቴ በጥቂቱ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ዞር አድርጓት። የሆነ ቦታ ላይ የጸናጽሉ ድምፅ ድንገት ብልጭ ይላል። ያን ጊዜ አቁሙ። እኔ ሃያ ዓመት ስሠራው አሁንም ያስደስተኛል።

200 ካሴት አለኝ፣ ገንዘብ የለኝም። የቱን ላስቀድም?

ኦርጅናሎቹን ተዋቸው። የታወቀ ዘፋኝ የታወቀ አልበም ሌላ ሺህ ሰው ቤት አለ፣ ኢንተርኔት ላይም አይጠፋም። ሽፋን የሌላቸውን አውጡ። በእስክሪብቶ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈባቸውን፣ ጭራሽ ምንም ያልተጻፈባቸውን። ዓለም ላይ ሁለተኛ የሌላቸው እነሱ ናቸው።

ለምን እንደምል ላስረዳ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከቦሳ አዲስ ከተማ መጣች። አንድ ካሴት በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። «የድሮ ዘፈኖች ናቸው» አለችኝ። ከሬዲዮ የተቀዱ ናቸው፤ የቅዳሜ ከሰዓት ምርጫ ይመስላል። ከሬዲዮ የሚቀዳ ሰው ቴፑን ሬዲዮኑ አጠገብ ያስቀምጥና «ዝም በሉ!» ብሎ ቤቱን ጸጥ ያሰኛል። ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። ጋዜጠኛው ማውራት ሲጀምር ከጓዳ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ኑ፣ ቡና ደርሷል። አንቺ፣ ፈንዲሻውን አምጪው»። ከኋላው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ቀጣዩ ዘፈን ገባ።

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናቷ ናቸው። ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሌላ ድምፃቸው የትም የለም። «አንቺ» የተባለችው ራሷ ናት።

ዘፈኖቹን ጠቅላላ ቀድቼላታለሁ። እሷ የምትፈልገው ግን ያቺን አራት ሰከንድ ብቻዋን ተቆርጣ ነበር።

ተሳስቼ ሌላ ነገር ቀዳሁበት። የድሮው ይመለሳል?

አይመለስም። አዲሱ ሲቀዳ የቴፑ አጥፊ ሄድ የቀድሞውን ጠርጎ ነው የሚያልፈው። ይመለሳል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ሽሹ።

በራሴ ደርሷል። አጎቴ ጅዳ ነበር። ያኔ ስልክ ውድ ስለሆነ ደብዳቤ በካሴት ይላክ ነበር፤ ሰላምታ፣ ወሬ፣ ለቅሶ፣ ምርቃት፣ ሁሉም ድምፅ ላይ። አያቴ ያን ካሴት በየሳምንቱ ትሰማዋለች። እኔ 13 ዓመቴ ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታ ከሬዲዮ ልቀዳ ባዶ ካሴት ፈለግሁ፣ አጣሁ። ከካሴት ጀርባ ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ከተሰበሩ ቴፑ አይቀዳም። የአጎቴን ካሴት አጎቴ ሰብሮ ነበር የላከው። እኔ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፈንኩት። አያቴ በሳምንቱ ስትከፍተው ጎል ሲገባ ሰማች። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አጎቴም ሲመጣ አላነሳውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ካሴቶቻችሁን አገላብጡ። ጥርሶቹ ካሉ ስበሯቸው።

ሙላቱ አስታጥቄ እውነት የጅማ ልጅ ነው?

አዎ። በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃ ጎተተው። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ገባ፤ እዚያ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። አምስት ድምፅ ያለውን የኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዛምዶ ኢትዮ ጃዝ ያለውን ፈጠረ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሱን ሙዚቃ ሲጠቀም ፈረንጅ ሁሉ ስሙን አወቀ። በርክሊም በ2012 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

በቫይብራፎኑ (በዘንግ እየተመታ በሚጫወተው የብረት መሣሪያ) ብቻ የሚያውቁት ወጣቶች አንድ ነገር ይቀራቸዋል፤ የብዙ ዘፋኞችን ሥራ ያቀናበረ ሰው ነው። የድሮ ሸክላ ሽፋን ላይ ስሙን ፈልጉ።

ኦሮምኛ ዘፈንና መንዙማስ ትቀዳለህ?

ጅማ ተቀምጬ እንዴት አልቀዳም? ከሚመጣልኝ ካሴት ትልቁ ድርሻ እሱ ነው። አሊ ቢራ ብቻውን አንድ መደርደሪያ ነው። የድሬዳዋ ሰው ነው፣ በአፍረን ቀሎ ቡድን የጀመረ። ግን እዚህ ሰርግ ላይ የማይነሳበት ጊዜ አላየሁም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈ ሰሞን በቀን አሥር ሰው «አሊን» እያለ ይመጣ ነበር።

መንዙማ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኛው ኦርጅናል የሚባል የለውም። አንድ ሰው ሐድራ (መንዙማ የሚባልበት መሰባሰቢያ) ላይ ቴፕ መሀል አስቀምጦ የቀዳው ነው። ሳሉም፣ ድቤውም፣ የቡናው ስኒም አለበት። አንዳንዱ ደንበኛ «ጩኸቱን አጥፋልኝ» ይለኛል። በፕሮግራም ማጽዳት ይቻላል፤ አብዝታችሁ ካጸዳችሁት ግን ሰዎቹ ይወጡና ቃሉ ብቻውን ይቀራል። እኔ ሁለት ቅጂ ነው የምሰጠው፣ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ የታጠበ።

የአባባ ተስፋዬን የድሮ ፕሮግራሞች የት ላግኝ?

ቁርጥራጭ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሙሉውን መጠበቅ ግን ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር አባባ ተስፋዬም አብረው ጀመሩ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። ያኔ ብዙ ነገር በቀጥታ ይተላለፋል፣ ካለፈ አለፈ። የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ቢቢሲን የሚያህል ጣቢያ እንኳ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. ክሩ ውድ ነው ብሎ በገዛ ፕሮግራሞቹ ላይ ሌላ ቀድቷል። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ቴሌቪዥን ሲነሳ ግን እኔ የማስታውሰው የጎረቤት ቤት ነው። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ቲቪ። ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ተቀምጧል። እኛ ልጆች በር ላይ ተሰልፈን እግራችንን እንታጠባለን፤ የጅማ ጭቃ ነው፣ ምንጣፍ አይምርም። አንዱ ልጅ ደጅ ይቀራል፤ ባሕር ዛፍ ላይ የታሰረውን አንቴና የሚያዞረው እሱ ነው። «መጣ?» ይላል ከውጭ። «ሄደ!» እንላለን ከውስጥ። «አሁንስ?» «እዛው ያዘው! አትልቀቀው!» ስክሪኑ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ከጉንዳኑ መሀል አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይላሉ። አንቴና የያዘው ልጅ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው። ተራ ነበረው። የኔ ተራ ሁልጊዜ ዝናብ ቀን ላይ ይውል ነበር።

እኝህ ሰው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። ባለቀለም ሥርጭት በ1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ቢጀመርም እኛ ሰፈር ቀለም የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

ሕንድ ፊልም ጅማ ላይ ለምን እንዲህ ተወደደ?

የኔ ግምት ይሄ ነው። ሕንድ ፊልም ውስጥ እናት አለች። ቤተሰብ ተለያይቶ ይገናኛል፣ ክብር አለ፣ ዘፈን አለ፣ ከእናትና ከልጅ ጋር ተቀምጦ ሲታይ የሚያሳፍር ነገር አይመጣም። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ብዙ የሕንድ መምህራን ነበሩ፤ መልኩም ቋንቋውም እንግዳ አልሆነብንም። ትርጉሙን ሳናውቅ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የምንወጣ ልጆች ነበርን።

ቪዲዮ ቤት መግቢያው ስሙኒ ነበር፣ ኋላ ሽልንግ ሆነ። አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ የሰው ላብ። ስሙኒ የሌለው ልጅ ደግሞ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ከተራኪ ይሰማል። ሁሉም ክፍል አንድ ተራኪ ነበረው፤ «ከዛ አክተሩ ቴስታ ሲያቀምሰው፣ ዱሽ!» እያለ። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሕግ ነበር፣ አክተር አይሞትም። አንድ ቀን አክተሩ የሞተበት ፊልም መጣ። ሰው «ገና አላለቀም» ብሎ መብራት በርቶም አልነሳም። ባለቤቱ እያባረረ አስወጣን።

የሰርግ ቪዲዮዬስ?

ቪኤችኤሱን ቶሎ አምጡት። ካሴቱ ሳይሆን ማጫወቻው እያለቀ ነው፤ የመጨረሻው አምራች ፉናይ መሥራት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ያለኝን ዴክ የምጠግነው ከሁለት የሞቱ ዴኮች ዕቃ እየነቀልኩ ነው። ሙሽሮቹ ልብ ቅርጽ ውስጥ ገብተው ሲሽከረከሩ የሚያሳየውን ክፍል እንድቆርጥላችሁ አትጠይቁኝ። አልቆርጥም።

የቀዳኸውን ብሸጠው ወይም ዩቲዩብ ላይ ብጭነውስ?

ለራስ መስሚያ አንድ ቅጂ ሕጉ ይፈቅዳል። መሸጥና ማሰራጨት ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። የዘፋኙና የአሳታሚውም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ «ዘፈኑ አሮጌ ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ማለት አይደለም። እናታችሁ ቡና ስትጠራ ያለው ድምፅ ግን የእናንተ ነው፣ የፈለጋችሁትን አድርጉት።

ከተቀዳ በኋላ ካሴቱን ልጣለው?

አይጣል። ፍላሽ ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ላፕቶፕ ይቃጠላል። ካሴቱን አቁማችሁ፣ ከስፒከርና ከማግኔት አርቃችሁ፣ ደረቅ ቦታ አኑሩት።

ያቺ ከቦሳ አዲስ ከተማ የመጣችው ሴት ፍላሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ስትወጣ ካሴቱን ረስታው ነበር። ከአዌቱ ድልድይ ተመለሰች። ቤቷ ቴፕ እንደሌላት ነግራኛለች። በዚያው ፌስታል ጠቅልላ፣ ዝናቡ ስለጀመረ ነጠላዋ ሥር ይዛው ሄደች።